ኤክስቴንሽን ያለ ተያዥ

እኛ ቤት ኤክስቴንሽን ማለት ገመድ ነው። ባለ አራት ቀዳዳ፣ አንዱ ቀዳዳው የተቃጠለ፣ ሶፋው ሥር የሚኖር። ለባለቤቴ ደግሞ ኤክስቴንሽን የማታ ትምህርት ነው። ዲግሪዋን የያዘችው በእሱ ስለሆነ ቃሉ ሲነሳ ቀና ትላለች። እናም የእህቴ ልጅ ላፕቶፔን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ ብሮውዘርህ ኤክስቴንሽን ያስፈልገዋል» ሲለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ከሶፋው ሥር መዘዝኩለት።

ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም። ገመዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠና ሥራውን ቀጠለ።

መጀመሪያ ፋየርፎክስ የሚባል ብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ መክፈቻ፣ ጫነልኝ። የጉግል ብሮውዘር ክሮም ደንቡን ስለለወጠ ማስታወቂያ ከልካዩ እዚያ እንደ ድሮው አይሠራም አለ። ለካ ኤክስቴንሽን የሚለው ብሮውዘሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም ኖሯል፤ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ አስገባልኝ። እውነት ለመናገር የዚህ ነገር ውለታ አለብኝ። ድሮ አንድ ዜና ልከፍት ስል ከዜናው በፊት የፀጉር ቅባት ይመጣል። ቀጥሎ ውርርድ። ቀጥሎ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ስልክ አሸንፈዋል»። ሳይጠሩ ሰርግ ቤት ገብተው የፊት ወንበር የሚይዙ ሰዎች አሉ አይደል? እንደነሱ። ጥቅሌን በልተው ሲሄዱ ለእኔ የሚተርፈኝ ርዕሱ ብቻ ነበር። አሁን በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ። የሠራው ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰው ነው፤ እርዳታ ልስጥህ ቢሉት እንኳ አይቀበልም። እስቲ እንዲህ ያለ ዘበኛ ከጎንደር አራዳ እስከ አዘዞ ፈልጉልኝ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ጣመኝ።

መጨመር ደግሞ ለጎንደር ሰው ብርቅ አይደለም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆረቆሩ፣ ግንባቸውንም ሠሩ። ልጃቸው ዮሐንስ «ያባቴ ይበቃኛል» አላሉም፤ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። የልጅ ልጃቸው ኢያሱ ሌላ ግንብ። ዳዊት የዜማ አዳራሽ። በካፋም ጨመሩ፣ እቴጌ ምንትዋብም ጨመሩ። ሁሉም የፊተኛውን ሳይነካ ከጎኑ ነው የሚያቆመው። ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ዋናው ቤት ቀለል ይበል፣ የቀረውን ሰው እንደየፍላጎቱ ከጎኑ ይቀጥል። ክሮም በ2008 ብቅ ሲል ይሄ አልነበረውም። ቆይቶ ነው የገባው።

ልዩነቱ አጥሩ ላይ ነው። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር አጥርና 12 በር አለው። በሩ ሁሉ ስም አለው፦ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር። ማን በየት እንደሚገባ ይታወቃል። የእኔ ብሮውዘር ያለው አንድ በር ነው፤ እሱም ገርበብ ያለ።

አገራችን ላይ አመመኝ ካልክ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ ዳማከሴ፣ አንዱ ጤና አዳም፣ አንዱ ፀበል ያዝልሃል። ብሮውዘሬ ኤክስቴንሽን እንደጀመረ ሲሰማም እንዲሁ ሆነ። የቢሮ ባልደረባዬ ገጹን ሁሉ የሚያጠቁረውን ዳርክ ሪደርን አዘዘልኝ፤ «ለዓይን ነው» ብሎ። በገባ በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ። ቤቱ ጥቁር፣ ገጹ ጥቁር። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «እሱም አብሮ ጠፋ?» አለችኝ። ኧረ በርቷል አልኳት። አላመነችኝም።

ጎረቤቴ ደግሞ ቅናሽ ፈላጊ አስገባልኝ። አሜሪካ ካለ ሱቅ በኢንተርኔት ስትገዛ ዋጋ የሚያስቀንስልህ ነው። እኔ አሜሪካ ካለ ሱቅ ገዝቼ አላውቅም። የምገዛው አራዳ ገበያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቅናሽ ፈላጊ ባለቤቴ አለች። ለአንድ ኪሎ በርበሬ ሦስት ጊዜ «በቃ ተውኩት» ብላ ሄዳ ሦስት ጊዜ ስትጠራ አይቻለሁ። እሷን የሚያህል ኤክስቴንሽን ገና አልተሠራም።

ሰዋስው አራሚውን ያመጣሁት ግን ራሴ ነኝ። ለመሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስጽፍ ስሜን በቀይ አሰመረበት። ያባቴንም ስም አሰመረበት። ላባቴ ስም ምትክ የሚሆን ቃል ሁሉ አቀረበልኝ። አባቴ በሕይወት ኖሮ ይሄን ቢያይ ክስ ነበር።

አዲስ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ፎቶ የሚያሳየኝም አለ። ጠዋት ጠዋት የአውሮፓ ግንብ ያሳየኛል። የቢሮዬን መጋረጃ ገለጥ ባደርግ የፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ 14 ሆኑ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው፤ የአዘዞ ሚኒባስ ሆነ። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ ይጭናል፤ መኪናው ግን ዳገቱን አልወጣም።

በዚህ መሀል ተከራያችን መጣ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ያከራየናት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሲገባ ያደረግነውን ልናዘዝ። የመታወቂያ ኮፒ ወሰድን። ተያዥ አስጠራን፤ ያውም የመንግሥት ሠራተኛ። የሦስት ወር ቅድሚያ ተቀበልን። ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ማን ይጠይቅሃል፣ ስንት ባልዲ ውሃ ትጨርሳለህ አልነው። ባለቤቴ እናቱ ዘንድ ደውላ አመሉን ጠየቀች። ይሄ ሁሉ ለሦስት በሦስት ክፍል ነው።

ተከራያችን ፋየርፎክሴ ለምን እንደዘገመ ሊያይልኝ ተቀመጠ። የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ከፈተ፣ አንዱን ተጫነ፣ ፈቃዶች የሚለው ውስጥ ገባ። ዝም አለ። ሌላውን ተጫነ። አሁንም ዝም።

«ጋሼ፣ ይሄን አንብበኸዋል?»

«የቱን?»

«የሁሉም ድረ ገጾች መረጃህን ማግኘት ይችላል ይላል። ኢሜይልህን ስትከፍት፣ ባንክ ስትገባ፣ አብሮህ ማየት ይችላል ማለት ነው።»

«ማን? ዘበኛው?»

«ዘበኛውማ ገጹን ካላየ ማስታወቂያውን ከየት ያወጣዋል? ይሄ ባለ ፎቶው ግን?» ቀና ብሎ አየኝ። «ያለ ተያዥ ነው ያስገባኸው?»

አነጋገሩ ትንሽ ቂም ያለበት መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ክሮም ላይ ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ኤክስቴንሽን ነበር፤ የማትጠቀምባቸውን ገጾች እያስተኛ ኮምፒውተሩን የሚያቀል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያምነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሠሪው ለሌላ ሸጠው። ስሙ ያው፣ ምልክቱ ያው፣ ውስጡ ግን ሌላ። በየካቲት 2021 ጉግል አደገኛ ነው ብሎ ከየሰዉ ኮምፒውተር አጠፋው። ባለቤቱ ሲቀየር ተጠቃሚው የሚጠየቅበት ወግ የለም። ቤቱ ከነተከራዩ ነው የሚሸጠው። ይሄን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ቀጠነ፤ እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ደግነቱ ፋየርፎክስ ላይ ሠሪው ሞዚላ ራሱ መርምሮ የሚመሰክርላቸው አሉ። «የሚመከር» የሚል ምልክት አላቸው። ተያዥ ማለት ይሄ አይደል? ከእኔ 14 ውስጥ ምልክቱን የያዙት ዩብሎክና ዳርክ ሪደር ሆነው ተገኙ። እሽ፣ የቀሩት ይውጡ አልኩ።

ማስወጣቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለ ፎቶውን ሳጠፋው ወዲያው አዲስ ገጽ ተከፈተ፤ «ስለተለያየን አዝነናል፤ ምን አጎደልንብህ?» ይላል በእንግሊዝኛ። ቅናሽ ፈላጊውም እንዲሁ። ሰዋስው አራሚውም እንዲሁ፤ እሱ እንኳ ያባቴን ስም እንደዚያ አድርጎ።

«ዝጋው ጋሼ፣ ማንም መልስ አይጠብቅም» አለኝ ልጁ።

እንዴት ነው የምዘጋው? «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደጃፍ ላይ በቆመ እንግዳ ፊት በር ተዘግቶ አያውቅም፤ ቢያንስ እኛ ቤት። ለእያንዳንዳቸው መለስኩ። መጨረሻ ላይ «ሌላ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ምንም አላጠፋችሁም። ልጄ ከውጭ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን ፈልጌው ነው።»

ተከራያችን ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አነበበው። ትንሽ ቆየ።

«ጋሼ፣ እውነት ሊመጣ ነው እንዴ?»