ይድረስ ከጎመኔ በላይ ቤት ለሠራሽው ሸረሪት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ የተዘረጋ ድርን ይመለከታል

እንደምን ሰነበትሽ? ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬ ጠዋትም ተያይተናል፤ ያውም አፍንጫ ለአፍንጫ።

መጀመሪያ «ክብርት ወይዘሮ» ብዬ በአንቱታ ልጽፍልሽ ነበር። ግን የሰው ጓሮ መግቢያ ላይ፣ በሰው ፊት ልክ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ተዘርግቶ ለሚኖር አንቱታ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። ስምሽ ጆሮ ነው አሉ። አዎ፣ የጃፓን ስም ነው። አዎ፣ አትላንታ ያለ ሐበሻ ቀልዱን ሁሉ ቀልዶ ጨርሶታል። እንለፈው።

ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው እንዲገባው ትንሽ ላስተዋውቅሽ። ሰውነትሽ ብቻውን ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ይደርሳል። እግርሽን ስትዘረጊው መዳፌን ይሸፍናል። ቢጫ ነሽ፤ በቢጫው ላይ ሰማያዊም አረንጓዴም የሚመስል መስመር አለሽ፣ ከሆድሽ በታች ቀይ፣ እግርሽ ደግሞ ጥቁርና ቢጫ ዥንጉርጉር ነው። ድርሽ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅማ ነው። ማሰሪያ ክሮቹ ጭምር ሲቆጠሩ እስከ ሦስት ሜትር ይሰፋል ይላሉ። ሦስት ሜትር! እኔ አሜሪካ ስገባ የተከራየሁት ክፍል ያን ያህል አልነበረም።

የሚያንገበግበኝ ግን አመጣጥሽ ነው። እኛ ዲቪ ለመሙላት በየዓመቱ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፈን፣ ዕጣ ወጥቶልን፣ የጤና ምርመራ አልፈን፣ አሻራ ሰጥተን፣ ኤምባሲ በር ላይ ወረቀታችንን አሥር ጊዜ እያገላበጥን ነው የመጣነው። አንቺ ከምሥራቅ እስያ፣ ሳይንቲስቶቹ እንደሚገምቱት ዕቃ በጫነ ኮንቴይነር ተደብቀሽ፣ ጆርጂያ ዱብ አልሽ። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኢንተርስቴት 85 የተባለው አውራ ጎዳና አካባቢ፣ ማንነትሽ ተለይቶ ታወቀ። ስምንት እግር ይዘሽ የአንዱን እንኳን አሻራ የጠየቀሽ የለም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰሜን ጆርጂያን ሞልተሽ፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች፣ ቴነሲንና አላባማን አዳርሰሽ ሜሪላንድ ገባሽ። ሜሪላንድ ዘመድ አለሽ እንዴ? እኛ ከአትላንታ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመዛወር ቤተሰብ ሰብስበን ሁለት ዓመት እንመክራለን።

ልጆችሽማ ትኬትም አይቆርጡም። በጸደይ ከእንቁላል ወጥተው አንዲት ክር ወደ ላይ ይለቃሉ፣ ነፋሱ ያነሳቸዋል፣ የሚያወርዳቸውም እሱ ነው። በ2022 ዜናው ሁሉ ፓራሹት የያዙ ግዙፍ ሸረሪቶች ከሰማይ ሊዘንቡ ነው ብሎ አገሩን አመሰው። በ2024 ደግሞ ደገሙት። የሚንሳፈፉት በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩት ጫጩቶችሽ ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ በዚህ ክብደትሽ የት ትበሪያለሽ! ይህን ግን ለእናቴ ማን ያስረዳልኝ? ቲክቶክ ላይ አይታ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ስትወጣ ጃንጥላ ያዝ ልጄ» አለችኝ።

እስቲ ስለ ቤትሽ እናውራ። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው አሠራርሽ አዲስ አይደለም። ጨረቃ ቤት ነው። ማታ ባዶ የነበረው ቦታ ጠዋት ባለቤት ይዞ ይገኛል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ደንብ አስከባሪ ሆኜልሻለሁ። መጥረጊያዬን ይዤ እወጣለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ አንቺንም በእንጨት ጫፍ ተሸክሜ አጥሩ ጥግ አደርስሻለሁ። ምትክ ቦታ ሁሉ ሰጥቼሻለሁ እኮ፣ ስንቱ ተነሺ ዓመት ሙሉ ተመላልሶ ያላገኘውን! አንቺ ግን ምትክ ቦታውን ለአንዷ ዘመድሽ ለቀሽ፣ ተመልሰሽ እዚያው፣ በጎመኑና በቆሻሻ ገንዳው መሃል፣ በአገጬ ልክ ትገነቢያለሽ።

ጊዜውንም ታውቂበታለሽ። ገዝፈሽ ገዝፈሽ ጫፍ የምትደርሺው በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ነው። አገር ቤት ያለው ሰው አደይ አበባ ሲፈነዳ ያያል፤ እኛ ቢጫ የምናየው አንቺ ላይ ነው። አምና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ባለቤቴ ጥብስ እየሠራች ሮዝመሪ ቁረጥልኝ ብላ ላከችኝ። ጨልሟል። እባብ እንዳይኖር ብዬ የስልኬን መብራት ወደ መሬት አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ስሄድ ስሄድ ቀና ስል ፊቴ ከነመነጽሩ ሳሎንሽ ውስጥ ገባ። ክርሽ የዋዛ አይደለም፤ ሲበጠስ ይሰማል። አንቺ የት እንደገባሽ አላየሁም፣ ደግሞም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ሸሚዜን ማውለቅ የጀመርኩት እዚያው ጓሮ ቆሜ ነው። ጎረቤት ያሉት አሜሪካዊት አሮጊት የበረንዳ መብራታቸውን አበሩ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ሮዝመሪውን አገኘኸው?» አለችኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን አንቺን አላወቁሽም። አንቺ ሳታብሪም አንድ ጎልማሳ አስረሻል። ስታብሪማ ጉድ ነው፤ ያንቺ ድር ከጎረቤትሽ፣ የጎረቤትሽ ከወዲያኛዋ እየተያያዘ፣ ከመብራቱ ሽቦ እስከ ጋራዡ ጣሪያ ዕድር አቋቁማችኋል። መዋጮውን ዝንብ ይከፍላል።

በትዳርሽ ጣልቃ መግባት አልፈልግም፣ ግን ዝም ማለትም አልቻልኩም። ባልሽ ልበል ባሎችሽ? እነዚያ ድሩ ዳር ዳር ላይ የሚታዩት፣ ቡናማዎቹ፣ አንድ ሳንቲሜትር የማይሞሉት። ከጎለመሱ ወዲያ የራሳቸውን ቤት አይሠሩም። አንቺ ካጠመድሽው ላይ ይቃርማሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዳንዱም ተራው ሲደርስ ራሱ ምሳሽ ይሆናል። ይህን ቡና ላይ ሳወራ ሴቶቹ ምን እንዳሳቃቸው እስካሁን አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ዓይን አፋር ነሽ ብለው መሰከሩልሽ። የተለያዩ ሸረሪቶችን ሰብስበው አየር እፍ አሉባቸው። አብዛኞቹ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደርቀው ቆዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንቺ ከአንድ ሰዓት በላይ ንቅንቅ ሳትይ ቀረሽ። እሺ፣ ሳይንስን አልከራከርም። ግን ዓይን አፋር ሰው ወርቃማ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ቢጫና ሰማያዊ ለብሶ፣ መተላለፊያ መሃል ተዘቅዝቆ ይውላል? ዓይን አፋርስ እኔ ነኝ፣ ሰርግ ስጠራ ግድግዳ ሥር ነው የምቀመጠው።

በዚህ ዓይን አፋርነትሽ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ሃይማኖታዊ ክርክር አስነስተሻል። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ፣ በመጣች ማግስት ጓሮ ወጣች፣ አየችሽ፣ «በስመ አብ!» አለችና ከሻንጣዋ ጠበሏን አምጥታ ረጨችሽ። ደርቀሽ ቀረሽ። ምሳ በልተን ስንመለስም እንደደረቅሽ ነበርሽ። እናቴ ጠበሉ አሰራት ብላ ለዘመድ ሁሉ ደወለች። ልጄ ደግሞ ጥናቱን በስልኳ አውጥታ ለአያቷ ልታስረዳ ሞከረች። ማን እንደረታ መገመት አያቅትሽም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄም ጓሮ ስትወጣ ታማትባለች።

ያው ዩኒቨርሲቲ በ2022 ደቡብ ከሚኖረው የቅርብ ዘመድሽ ጋር አወዳድሮሽ፣ ልብሽ በ77 በመቶ ፈጥኖ እንደሚመታና አጭር ውርጭም እንደምትችይ ጽፏል። በ2024 ደግሞ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር፣ ከነጫጫታው ከነንዝረቱ፣ ኑሮሽን እንደምትገፊ ተጻፈልሽ። ኢንተርስቴት 285 ዳር አፓርታማ ተከራይተን ስንት ዓመት የኖርነውን ግን ያጠናን የለም።

መርዝ አለሽ፣ ግን ለሰው የሚያሰጋ አይደለም። ጥርስሽ አጭር ነው፣ ቆዳ መብሳት ያስቸግረዋል፣ ካልጨመቁሽ በቀር መናከስም አትወጂም። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ችግሩ፣ የማምነው ሳሎን ቁጭ ስል ነው።

ልጄ ጠበቃሽ ናት። ያንን ሲነኩት የሚገማውን፣ አትክልት የሚያበላሸውን ተባይ ትበላልናለች ትላለች። እውነት ነው። ግን ንብም ትበያለሽ፣ ቢራቢሮም አትምሪም፣ ቃሪያዬ ደግሞ ንብ ይፈልጋል። አንቺ በበዛሽበት አካባቢ የአገሬው ሸረሪት እየሳሳ መሄዱንም ያዩ አሉ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የምቀልድበትም አልሆነልኝም። ያም ሆኖ «መጤ» ሲሉሽ ሆዴ ይባባል። ባለፈው አንዱ ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፎ «ከሌላ አገር መጥተው ቦታውን ሁሉ ያዙት እኮ» አለኝ። ስለ ሸረሪት መሆኑን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ወደ ድርሽ ጠቆም አድርጌ ነው «አዎ» ያልኩት።

የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነገር ደግሞ ይለያል። ሣሬ ትንሽ ሲረዝም ከነፎቶው ደብዳቤ ይደርሰኛል። የጓሮዬን በር ቀለም ለመቀየር ማመልከቻ አስገብቼ ጠብቄያለሁ። አንቺ ያለ ፕላን፣ ያለ ፈቃድ፣ የሦስት ሜትር ግንባታ ከመንገድ በሚታይ ቦታ ስታቆሚ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ዘመድ ሳይኖርሽ አይቀርም ውስጥ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ብዙ አይደለም። መርዝ አልረጭብሽም፤ ደግነት እንዳይመስልሽ፣ ጎመኑን የምበላው እኔ ነኝ። ልቀቂም አልልሽም፤ ኅዳር ላይ ብርዱ ይወስድሻል፣ ከዚያ በፊት ግን ከ400 በላይ እንቁላል ቅርፊት ላይ ወይም ጣሪያ ሥር ለጥፈሽ፣ ለመጪው ዓመት ተከራይ አዘጋጅተሽልኝ ነው የምትሄጂው። ብቻ ከሁለት ሜትር በላይ ሥሪ። ከላይ ያለው አየር ሁሉ ያንቺ ነው፣ ኪራይ አልጠይቅም። ከገንዳው ወደ ጎመኑ የሚወስደውን መንገድ ግን ልቀቂልኝ። ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይም እንዳትመጪ፤ ቅዳሜ የሚመጡት እንግዶች ሲኒ ሲወረውሩ አይቻለሁ፣ ሲኒ ደግሞ እዚህ ውድ ነው።

መልስሽን በጽሑፍ አልጠብቅም። ነገ ጠዋት ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ ፊቴ ይነግረኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
የጓሮው ሕጋዊ ከፋይ

ግልባጭ፦
ለባሎችሽ፣ እንዲያውቁት
ለሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሣሬን ሊለኩ ሲመጡ ቀና ብለው እንዲያዩ