የወረደ ግፊት ደጋፊ የለውም

ሀገራችን ላይ የደም ግፊት ማለት የጨመረ ማለት ነው አለቀ። ግፊት አለበት የተባለ ሰው ይከበራል፣ አታናዱት ይባላል፣ ወጡ ለብቻው ይሰራለታል። የኔ ግን የወረደ ነው፣ የወረደ ነገር ምን እንደሚመስል ደግሞ የጅማ ልጅ አይነገረውም፣ በ2010 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የበላው የእግር ኳስ ክለባችን አባ ጅፋር ኋላ ከሊጉ ሲወርድ ማን አብሮት እንደቀረ እናውቃለን።

በእርግዝናዬ አምስተኛ ወር ላይ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ቆይቼ ቀና ስል አይኔ ላይ ጨለመብኝ። ወደ ራሴ ስመለስ ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አንዷ ሎሚ ታሸተኛለች፣ አንዷ ፊቴ ላይ ውሃ ትረጫለች፣ አንዱ ክብሪት ይጭርልኛል (እሱ ለየትኛው በሽታ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም)፣ ከኋላ ደግሞ "ቡዳ ነው፣ እዩት ሆዷ እንዴት እንደሚያምር" የሚል ድምፅ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ጤና ጣቢያ ስለካ 85 በ55። ከ90 በ60 ካነሰ ዝቅተኛ ነው ሚባለው አለችኝ አዋላጇ። እርግዝና ላይ ሆርሞኑ የደም ስሮችን ያላላቸዋል፣ ደሙም ቢሆን እየጨመረ ነው፣ መጨረሻ ላይ በግማሽ ገደማ ይጨምራል፣ ግን ቧንቧው ሰፍቶ ውሃው ገና አልደረሰም በይው፣ ለዛ ነው እርግዝናው አጋማሽ ላይ ግፊቱ ሚወርደው፣ ወደ መውለጃሽ ራሱ ይመለሳል አለች። ደም ማነስም እንዳይሆን ብላ አስመረመረችኝ፣ የለብኝም። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆራረጥሽ ብዪ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ጨው በራስሽ ስልጣን እንዳትጨምሪ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይ ደም ካየሽ ወይ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ነይ።

ይሄ ሁሉ ተነግሮኝ ቤት ስገባ አማቴ ጆሮ የደረሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። ግፊት። እለቱኑ ጨው ከቤት ተሰደደ። የአጥር ጎረቤታችን አዴ ደግሞ "መውረዱን" ስለሰሙ ጨው ያለበት ቡና በስኒ ይዘው በአጥር ብቅ አሉ። ማዶ ያለችው ደግሞ ግፊትና ደም ማነስን አንድ አድርጋ ቀይ ስርና ጉበት ጭና መጣች። ባለቤቴ ስኳር ነው ብሎ ኮካ። ጨው በአጥር ይገባል፣ በበር ይወጣል፣ እኔ መሀል ላይ አልጫ ወጥና ጨው ቡና እያፈራረቅኩ።

ቡናውን ካነሳን አይቀር፣ አዋላጇ ካፌይኑ (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ) በቀን ከ200 ሚሊግራም አይለፍ ብላኛለች። ጅማ ላይ እኮ ነው። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚሁ ጅማ ዞን ጮጬ ነው ብለን ከከፋዎች ጋር ምንከራከር ሰዎች ነን፣ ጀበና ላይ ሚሊግራም በምን ይለካል? አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ላይ ይብቃኝ ስል "ምነው፣ ቤታችንን ናቅሽው?" የአይረኑን ክኒን ደግሞ ከቡና አርቀሽ ውሰጂ ትላለች፣ ቡናው ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። እሺ፣ ግን እኛ ሰፈር ከቡና የራቀ ሰአት ስንት ሰአት ነው? ለሊት 9 ሰአት ላይ ተነስቼ ነው ምውጠው።

በግራ ጎን መተኛቱ ግን ሊያፋታኝ ነበር። በጀርባ ከተተኛ ማህፀኑ ወደ ልብ ደም ሚመልሰውን ትልቁን የደም ስር ይጫነዋል፣ እሱ ነው ምክንያቱ። ባለቤቴ ደግሞ ሚተኛው በቀኝ በኩል ነው። አማቴ ጠዋት በሶ ሊያስገቡልኝ ሲመጡ ሶስት ቀን በተከታታይ ጀርባዬን ሰጥቼው አዩኝ። በአራተኛው ቀን ልጃቸውን ጓሮ ጠርተው "ምን አድርገሃት ነው?" አሉት፣ ሽማግሌ ሊጠሩ ምንም አልቀራቸው። ስለ ደም ስሩ ባስረዳቸው "አሁን ደግሞ በደም ስር አመካኘች" አሉና ሄዱ። በመጨረሻ አልጋው ላይ ቦታ ተቀያየርን፣ ሰላም ወረደ።

ስምንተኛ ወሬ ላይ ስለካ 110 በ70። አማቴ ጨው ስላወጣሁላት ነው አሉ፣ አዴ ጨው ስላስገባሁላት ነው አሉ፣ የጉበቷ ባለቤትም ዝም አላለችም። አዋላጇ ቀድማ እንደነገረችኝ በራሱ ጊዜ እንደተመለሰ ለማንም አልተነፈስኩም፣ በሶው በማር ሆኖ በየጠዋቱ እየመጣ ነዋ።