ማንሻ ለፈሪ ነው

ወደ ጣና የሚመጣ እንግዳ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይቶ ይደነቃል፣ ጢስ ዓባይ ፊት ለፊት ፎቶ ይነሳል፣ ዓሣ ጥብሱን በልቶ ጣቱን እየላሰ ይመለሳል። ትልቁን ጉድ ግን ሳያይ ይሄዳል። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳርቻ ላይ ከጀልባ ጀርባ ላይ የሚገጠመው ሞተር ያለ ማንሻ፣ በሰው ጉልበት ብቻ እንዴት ከፍ ተደርጎ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያላየ ሰው ጎጃምን አየሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል።

ባለጀልባው አዲስ ሞተር ያስመጣል፣ ወይም አሮጌውን ለጥገና ሊያወርድ ይፈልጋል። «ጎበዝ፣ እስቲ እጃችሁን!» ይላል። በቃ፣ ሌላ ዝግጅት የለም። የባጃጅ ሾፌሩ ባጃጁን መንገድ ላይ ገትሮ ይመጣል፤ ዓሣ የሚበልተው ልጅ ቢላዋውን እንደያዘ ይመጣል፤ ዘጌ ለመሻገር ተራ የሚጠብቀው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል። ከዋርካው ጥላ ሥር ጋቢያቸውን የተከናነቡት ጋሸ ግን ከተቀመጡበት አይነሱም፤ ድምፃቸውን ብቻ ይልካሉ። «ወዲህ! ኧረ ወዲህ በሉት! ኤዲያ፣ ድሮ ቀረ ወንድ!» የሚያነሱት አራት፣ የሚያዝዙት አሥራ አራት። አንዱ «ቀስ!» ሲል ሌላው «ቶሎ!» ይላል፤ ሞተሩ ደግሞ የሁሉንም አክብሮ መሀል ላይ ይንጠለጠላል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋልና ትምህርቱ ከእነሱ የተገኘ ነው። ሎሚ ለየሰው ይታደላል፣ ሞተር አይታደልም የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ዙሪያው ጠባብ ስለሆነ ከአራት ሰው በላይ መያዣ አያገኝም ይላል። እኛ ለዚህም መላ አለን፤ አምስተኛው የአራተኛውን ቀበቶ ይይዛል። ለሞራል።

ክብደቱንም ቢሆን በከንቱ አልናቅነውም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰባት ያህሉ ፈረስ መንገድ ላይ ቀርቶ 33 ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ ይናደድና በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 60 ያመጣል። ባለአራት ምት (ዘይቱን ለብቻው የሚይዝ ዓይነት) ከሆነ 40ው መቶ ኪሎ አካባቢ፣ 60ው ደግሞ 110 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። «ታዲያ ምን አላት? አንድ ኩንታል ጤፍ አይደለች?» ይላል የአዴት ልጅ ትከሻውን እያሟሸ። ልክ ነው፣ በሚዛን አንድ ናቸው። ጤፉ ግን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይተኛል፤ ሞተሩ ክብደቱ ሁሉ ጭንቅላቱ ላይ ነው፣ እግሩ ቀጭን ነው። እግሩን ይዘው ሲያነሱት ራሱ ወደ ታች ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም ከሥሩ ማን እንዳለ አይጠይቅም።

በዚህ ረገድ አምራቾቹ ያሳዝኑኛል። ከክዳኑ ሥር፣ ዋናው አካል ላይ፣ የብረት ማንሻ ቀለበት ያበጃሉ። በአንዳንዱ ሞተር ቀለበቱ ለብቻው ይመጣና ፍላይዊሉ (ሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ላይ ጥርሱ እስኪያልቅ ይጠመዘዛል። ከዚያ መንጠቆ አስገብቶ በባለሰንሰለት ማንሻ ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ እያሉ መሳብ ነው፤ አንድ ሰው ሰንሰለቱን ይስባል፣ ሌላው ሞተሩ እንዳይወዛወዝ እግሩን ይይዛል። ጩኸት የለ፣ ሆታ የለ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ጋሸ ምን ሊሉ ነው? ትንንሾቹማ፣ ባለ 15ቱና ከዚያ በታች ያሉት፣ እጀታ ተሠርቶላቸዋልና ሁለት ሰው ቢያነሳቸው ማንም አይከፋም። ሆታው ለትልልቆቹ ነው።

ክዳኑ እያለ ቀለበት ፍለጋ ምን አደከመ? ክዳኑ ያምራል፣ ማርካው ተጽፎበታል፣ ጠርዙም ለእጅ ይመቻል። አንድ ጎረምሳ ክዳኑን በሁለት እጁ ሰቅስቆ «ያዝኳት!» ሲል ሰምቼዋለሁ። አልዋሸም፣ ክዳኗን ይዟታል። መቆለፊያው ቷ ብሎ ተላቀቀና ክዳኑ ደረቱ ላይ ታቅፎ ቀረ፤ ሞተሩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ጎረምሳው ክዳኑን ሳይለቅ ዞሮ ሞተሩን አየው፤ ሌላ ሰው የጣለው ይመስል ተቆጣ።

ገመዱም የሚመሰገን ነው። ትናንት ፍየል ያሰረ፣ ከትናንት ወዲያ ልብስ የተሰጣበት፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ናይሎን። ለማንሻ ተብሎ የተሠራ ጠፍር ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈበት ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ ጠንቃቃ ሰው ከሞተሩ ክብደት ቢያንስ እጥፍ የሚችለውን ይመርጣል። የእኛው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ጋሸ አንዴ ሳብ አድርገው «ይችላል» ካሉ ይችላል። ከሥሩ የሚቆመው ልጅ ደግሞ ኮንጎ ጫማ ተጫምቷል፤ ላስቲኩ መቶ ኪሎ ቢወድቅበት ነጥሮ ይመልሰዋል ተብሎ ይታመናል።

ወርዶ ሲያበቃ የሚተኛውስ እንዴት ነው? ባለአራት ምት ሞተር በየትኛው ጎኑ እንደሚጋደም በመመሪያው ተጽፏል፤ በሌላው ጎን ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ከመጋደሙ በፊትም ቀጥ ብሎ ቆሞ የማቀዝቀዣው ውኃ ተንጠፍጥፎ ሊያልቅለት ይገባል፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ (እግሩ ላይ ያለው፣ ውኃውን የሚገፋው መዘውር) ከሞተሩ ጭንቅላት ከፍ ካለ ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ ሲሊንደር ሊወርድ ይችላል። እኛ እንግዳ ማስጨነቅ አናውቅም፤ በመሰለው ጎን ይተኛ። በማግስቱ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቢያትጎለጉል «ጉልበት አለው ማለት ነው» ይባላል።

መግጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለቱን መቆንጠጫ በእጅ ጠምዝዞ፣ በጀልባው ጀርባ አልፎ የሚታሰረውን ብሎን «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ኪስ መክተት የታወቀ ነው። ሞተሩን በሃይድሮሊኩ ወደ ላይ አጋድሞ፣ መደገፊያውን ሳያስገቡ ከሥሩ አንገት ማስገባትም እንዲሁ። ሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ መሐላ አያውቅም።

ባለሰንሰለት ማንሻ ውድ ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሆታው በነፃ ነው። ከሆታው በኋላ ለአሥራ ስምንት ሰው የሚታዘዘው ጥብስና ቢራ ከጥገናው ሒሳብ ጋር አይደመርም፣ ደስታ ነው። ወገቡን የተቀጨው ልጅ ለወጌሻ የሚከፍለውም ከራሱ ኪስ ነው። ሳምንት ሙሉ ጎኑን ይዞ ሲሄድ ያየ ሁሉ «ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ «ሞተር አንስቼ» ይላል። ከማንሻ ጋር የዋለ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ከየት ያመጣል?

ደግነቱ ጣናም ይተባበረናል። ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ላይ የወደቀ ሞተር ጠልቆ የሚያወጣ ዋናተኛ አያጣም። የወጣ ሞተር ካንዴላው ተፈትቶ፣ ውኃው ከሲሊንደሩ ተጠርጎ፣ ሳይውል ሳያድር መጠገን አለበት። እኛ ግን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ እናሰጣውና ማን ቀድሞ እንደለቀቀ እንነጋገራለን። ጉባኤው እስኪያልቅ ዝገቱ ሥራውን ይጀምራል።

ባለሰንሰለት ማንሻ ያለው ሰው ጨርሶ የለም እንዳይባል፣ አንድ ባለጀልባ ግቢ ውስጥ አይቻለሁ። ሦስት እግር ላይ የቆመ፣ ሰንሰለቱ ዘይት የተቀባ፣ መንጠቆው የሚያብረቀርቅ። ለፋሲካ ቅርጫ የታረደው በሬ ተሰቅሎበት ነበር። ጋሸም እዚያ ነበሩ፤ «ከሥሩ ዞር በሉ! ሰንሰለቱን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ! ሥጋው አፈር እንዳይነካ!» እያሉ በጥንቃቄ ያዝዙ ነበር።