ማስተካከያ፦ ዩባሪ አልፈረሰችም

ባለፈው ስለ ጃፓኗ ዩባሪ ከተማ ስጽፍ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ «በጃፓን በሕዝብ ብዛት የመጨረሻዋ ከተማ» ብያት ነበር። የመጨረሻዋ ኡታሺናይ ናት። ሁለቱም ሆካይዶ ደሴት ላይ ያሉ፣ በከሰል ድንጋይ ያደጉ፣ ማዕድኑ ሲዘጋ ሰው ጥሏቸው የሄደ ከተሞች ስለሆኑ ተምታቱብኝ። ዩባሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ 117 ሺህ ሰው ነበራት። ዛሬ 7 ሺህ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። «በ2007 ከስራ ፈረሰች» ብዬ ጽፌያለሁ። መክሰሩንስ ከስራለች፤ 35 ቢሊዮን የን ገደማ ዕዳ ነበረባት። ግን አልፈረሰችም። በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆና ዕዳዋን በየዓመቱ እየቆነጠረች መክፈል ጀመረች። ከንቲባም ምክር ቤትም አላት። የምክር ቤቱ አባላት ከ18 ወደ 9 ወረዱ፤ የከንቲባው ደመወዝ 70 በመቶ ተቆረጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። ሆስፒታሉ ክሊኒክ ሆነ። አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ቀረ። በ2019 ወደ መሃል ከተማው የሚገባው የባቡር መስመርም ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ችለው እዚያው የቀሩ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። «ፈረሰች» ስል እነሱን እንደሌሉ ቆጠርኳቸው። የቆጨኝም ይኸው ነው።

ስለ ሜሎኗ፣ ማለትም ዩባሪ ስለምታበቅለው ጣፋጭ ፍሬ፣ የጻፍኩት ግን እንዳለ ይቆያል። ልጣጩ መረብ የለበሰ ይመስላል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ብርቱካናማ ነው። በ2019 ጨረታ ሁለት ፍሬ 5 ሚሊዮን የን አውጥቷል።