ዜና ሳልሰማ አክሲዮኔን እንዴት ልጠብቅ?

ሰሞኑን አንድ የኢንቨስትመንት አማካሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ እኛን ትንንሽ ባለአክሲዮኖችን ሲመክር ነበር። የፖለቲካ ዜና ማሳደዱን ትተን የድርጅቱን ሒሳብ ብቻ እንይ ነው የሚለው። በዜና የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ቁማርተኛ እንጂ ባለሀብት አይደለም ብሎም ጨመረበት። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

የአንድ የግል ባንክ አክሲዮን አለኝ። ብዙ አይደለም። ከደመወዜ ቆጥቤ፣ ዕቁብ ሲደርሰኝ ጨምሬ የገዛሁት ነው። ቁማርተኛ መባል አይገባኝም።

ከሁሉ የከፋው «ሒሳቡን ብቻ እዩ» ማለቱ ነው። የትኛውን ሒሳብ? እኔ እጅ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ስንጠራ። ያኔ ነገሩ ሁሉ አልፏል። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ባንክ ደግሞ የሚኖረው በማበደር ነው። ዜናውን የሰማ ሰው የዚያን ዓመት የትርፍ ድርሻ ከወዲሁ ይጠረጥራል፤ ሒሳቡን የጠበቀ ግን ጉባኤ ላይ ደርሶ ይደነግጣል። የካፒታሉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ድረስ የተከፈለ ካፒታላቸውን፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች የከፈሉትን ገንዘብ፣ 5 ቢሊዮን ብር ያድርሱ የተባለው በ2013 ነበር። ይህ እኛ ጋ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ አማካሪው ያውቃል? ለልጅ ትምህርት ቤት እከፍለዋለሁ ብለህ የጠበቅከው የትርፍ ድርሻ «ለአክሲዮን ማሳደጊያ ይዋል» ይባልና እጅ ይወጣበታል። አልጨምርም ካልክ ደግሞ ሌላው ሲጨምር ያንተ ድርሻ ያንሳል። ያን ቀን ከጉባኤ ባዶ እጄን ስመለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ከዓመታት በፊት የተነገረ ዜና ችላ ማለቴን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅስ? 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ገባ፣ ከዚያ መቶን አለፈ። በብር የተያዘ ቁጠባ ሁሉ በአንድ መግለጫ ቀለለ። የትኛው የኦዲት ሪፖርት ነው ይህን አስቀድሞ የነገረን?

ወደ ኋላም እንሂድ። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በ1967 ደርግ ባንክና ኢንሹራንሱን፣ ቀጥሎም ፋብሪካዎቹን ሲወርስ ያ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ድርጅቶቹ ከስረው አይደለም። ሒሳባቸው ያማረም ያላማረም እኩል ተወረሰ። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር፣ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት አዲሱ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ከጥር 2017 ወዲህ ገና በእግሩ ሊቆም በሚውተረተርበት ሰዓት፣ ሰውን ፖለቲካ አትስማ ማለት ዓይንህን ጨፍነህ ገደል ተሻገር እንደማለት ነው።

ሸዋ ሮቢት ዘመድ አለኝ፣ ማሾ ነጋዴ ነው። ማሾ በምርት ገበያ ስለሚገበያይ የዋጋ መውጣት መውረድ ለእሱ አዲስ አይደለም። ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም፣ መንገዱን ነው። ጣርማበር ታልፏል? የአዲስ አበባ መኪና ይወጣል? መንገድ ከተዘጋ ማሾው መጋዘን ይቀመጣል፣ የጎረቤቱ ሽንኩርት ደግሞ ይበሰብሳል። ለዚህ ሰው የጸጥታ ዜና ማለት ዋጋ ማለት ነው። እሱንም ቁማርተኛ እንበለው?

የቴሌን አክሲዮን አስታውሱ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀረበ፣ አንዱ በ300 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሕዝቡ ስለ አክሲዮን ግንዛቤ የለውም ተባለ። አልቀበልም! ሕዝቡ ግንዛቤ ስላለው ነው የፈራው። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር፤ እሱም በቴሌብር። በ2015 ክረምት ዳታ የተቋረጠበት የአማራ ክልል ሰው ነገ ኔትወርኩ ስለመኖሩ እርግጠኛ ሳይሆን ገንዘቡን ስልክ ውስጥ ሲያስገባ ሁለቴ ማሰቡ አላዋቂ አያሰኘውም።

አዎ፣ ቴሌግራም ላይ የሚነዛ ወሬ አለ፣ ወሬ አምኖ የተጎዳም አለ። መፍትሔው ግን የተጣራ ዜና ቶሎ ማድረስ ነው።

ደግሞ ምክሩ ለምን ለእኛ ብቻ ሆነ? ትልቁ ባለአክሲዮን አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ መመሪያ ሊወጣ ነው ሲባል ስልክ አንሥቶ ለሚያውቀው ሰው ይደውላል። እሱን ማንም ፖለቲካ ተው አላለውም። እኔ የምደውልለት የለኝም። ያለኝ የማታው የሁለት ሰዓት ዜና ነው፣ እሱንም መብራት ካልጠፋ።