አሳንሰሩ ካልሠራ ጣቢያው ዝግ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሠራተኛ ከቀላል ባቡሩ የተሻለ መጓጓዣ ሊኖር ባልተገባ ነበር። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ቢያዝን እንኳ ዊልቸር የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ በየቀኑ ኮንትራት መያዝ ደግሞ ደመወዝን ለመንገድ መገበር ነው። ባቡሩ ግን ወለሉ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ መሳፈሪያው ላይ ለደረሰ ሰው መግባቱ ያን ያህል አይከብድም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ባቡሩ ሊያስገባው የሚችለውን ሰው ደረጃው ከታች ያስቀረዋል።

ታናሽ ወንድሜ የሚሄደው በዊልቸር ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አንድ ጣቢያ አብረን በሄድንበት ጊዜ የአሳንሰሩ በር ተዘግቶ፣ የመጥሪያው ቁልፍ ወልቆ፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ አገኘነው። በሩ ሥር የተከማቸው አቧራና የውኃ ፕላስቲክ ሥራ ካቆመ መሰንበቱን ይናገር ነበር። መንገደኞች ዝም ብለው አላለፉንም፤ ሁለቱ ወንድሜን፣ አንዱ ወንበሩን ተሸክመው ደረጃውን አወጡልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሆኖም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ጎልማሳ ሰው በማያውቃቸው ሰዎች ክንድ ላይ ሆኖ፣ ሕዝብ እያየው ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ያየሁት እዚያ ነው፤ እስኪያወርዱት ድረስ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ከዚያ ወዲህ በባቡር እንሂድ ባልኩት ቁጥር ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። እሺ፣ ያን ቀን ደጋጎች ተገኙ፤ ማለዳ ብቻውን ሲወጣስ? ማታ ከሥራ ሲመለስስ?

ሕጉ ከባቡሩ በኋላ የመጣ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ስጡን ቢባል ይገባኝ ነበር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚጠቀሙና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መጓጓዣን በግልጽ ይጠቅሳል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ግዴታዎች የመጀመሪያው ተሳፋሪ ከመሳፈሩ ከዓመታት በፊት ተጽፈው ነበር ማለት ነው።

ደረጃ በሌለባቸው ጣቢያዎችም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አይደለም። ብዙዎቹ በመንገዱ አካፋይ ላይ ስለሆኑ ተሳፋሪው መኪና የሚተምበትን አስፋልት ማቋረጥ አለበት፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተዳፋት ከሌለው ደግሞ ዊልቸሩ ገና ከመነሻው ይቆማል። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ በበትሩ እየዳሰሰ የመሳፈሪያውን ጠርዝ የሚለይበት ሸካራ ንጣፍና ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ድምፅ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ቅንጦት የሚለው ሰው ልጅ አዝላ፣ ዕቃ ይዛ፣ እየተነፈሰች ደረጃ የምትወጣን እናት ያስተውል።

ስለዚህ ጣቢያ ማደስ ሲታሰብ ከቀለምና ከሴራሚክ በፊት አሳንሰሩ ይቅደም። ለሐዲዱና ለኤሌክትሪክ መስመሩ የጥገና ባለሙያ እንደሚመደብ ሁሉ ለአሳንሰሩም መለዋወጫው ተይዞ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ መጠገን እንዳለበት የሚያስገድድ ውል ይኑር። የትኛው ጣቢያ አሳንሰር ዛሬ እንደማይሠራ በየማለዳው በቴሌግራም ይነገረን፤ ይህ አንድ መልእክት ከመጻፍ በላይ ወጪ የለውም፤ ሰው ግን ደረጃው ሥር ደርሶ ከመመለስ ይድናል። የታደሰ ጣቢያ ርክክብ ሲደረግም በዊልቸር፣ በክራንችና በነጭ በትር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ማንም ሳይሸከማቸውና ሳይመራቸው ከእግረኛ መንገዱ ተነስተው ባቡሩ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ይሞክሩት፤ እነሱ ገብተው ሳይወጡ የርክክቡ ሰነድ አይፈረም።