እርማት፦ ፒራሚዱን የገነቡት ባሪያዎች አይደሉም

ወንድሜ፣ “የጊዛን ፒራሚዶች የሠሩት በጅራፍ የሚነዱ ባሪያዎች ናቸው” ብለሃል። ወሬው የቆየ ነው፤ ፊልሞችም አራግበውታል። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከፒራሚዶቹ አቅራቢያ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። ለወዲያኛው ዓለም ስንቅ ዳቦና ቢራ ተቀምጦላቸዋል። ባሪያን ንጉሡ አጠገብ እንዲህ አክብሮ የሚቀብር ማን ነው? ተሰብረው በደንብ የገጠሙ አጥንቶችም አሉ፤ የሚያክማቸው ሰው ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ ላይ፣ መረር የተባለ የሥራ ኃላፊ በፓፒረስ (ከተክል በተሠራ የጥንት ወረቀት) ላይ የጻፈው ማስታወሻ ወጣ። እሱና ሠራተኞቹ ከቱራ የድንጋይ ማውጫ ለፒራሚዱ የሚሆን የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ እንዴት እንዳመላለሱ ቀን በቀን መዝግቧል።

ሥራው ቀላል ነበር አልልም፤ የተጎዳው የአከርካሪ አጥንታቸው ይመሰክራል። በግዳጅ ተጠርተው የመጡም ይኖራሉ፤ በጌታ የተገዙ ግን አልነበሩም።